የማይድን በሽተኛ ሐኪም

በሽታን ማዳን ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የሚማሩት ሙያ ነው። ማዳን ያልተቻለውን ሰው ስቃይ ማስታገስ ግን በወጉ ትምህርት ሆኖ መሰጠት ከጀመረ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ አልሞላውም። ይህ የሆነው ሐኪሞች ደግነት ስላነሳቸው ነው ብሎ መደምደም ስህተት ይመስለኛል። ዕውቀቱ ነበረ፤ የነበረው ግን ሐኪሞች በማይማሩበት ስፍራ፣ በነርሶችና በመነኮሳይት እጅ ነው። ወደ ሕክምና ትምህርት ሊገባ የቻለውም የእነሱን ልማድ መዝግቦ የሚያሳይ ሰው ሲገኝ ነው።

ዋናው ማስረጃ ከለንደን ይመጣል። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለድሆች ሟቾች የተከፈተ የቅዱስ ሉቃስ ቤት የሚባል መጠለያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሲሊ ሳንደርስ በዚያ በበጎ ፈቃድ ስታገለግል፣ ነርሶቹ ሕመሙ እስኪያገረሽ ሳይጠብቁ ሞርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በተወሰነ ሰዓት እየጠበቁ እንደሚሰጡ አየች። በሌሎች ሆስፒታሎች ግን በሽተኛው መድኃኒቱን የሚያገኘው ሥቃዩ በርትቶበት ሲለምን ነበር። ሳንደርስ በጦርነቱ ጊዜ ነርስነት ሠልጥና፣ የወገብ ሕመም ከሥራው ስላስወጣት የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆናለች። በ1948 በካንሰር የሞተው ከዋርሶ የመጣ ስደተኛ ዴቪድ ታስማ ልታቋቁመው ላሰበችው የሟቾች ቤት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። አብራው ትሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኖርማን ባሬት ደግሞ፣ ሐኪሞች እንዲሰሟት ከፈለገች ራሷ ሕክምና እንድትማር መከራት። በ1957 በ38 ዓመቷ ሐኪም ሆነች። በነርስነትና በማኅበራዊ ሠራተኝነት ያየችውን ለሐኪሞች ለማስተማር የእነሱን ማዕረግ መያዝ ነበረባት፤ የዚያ ዘመን ችግር ምን እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከ1958 ጀምሮ በሃክኒ ሰፈር የአየርላንድ መነኮሳይት በሚያስተዳድሩት የሟቾች መጠለያ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ፣ ሠራች። የመነኮሳይቱ እንክብካቤ የሚደነቅ ነበር፤ የጎደለው መዝገብ ነው። እሷ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሕመም፣ የተሰጠውን መጠንና የተገኘውን ለውጥ ጻፈች፤ ንግግራቸውንም በቴፕ ቀዳች። ከሺህ በላይ ከሆኑት ከእነዚህ በሽተኞች የተረዳችው፣ የሟች ሕመም የአካል ብቻ እንዳልሆነ፣ የቤተሰብ ጭንቀት፣ የገንዘብ ችግርና የነፍስ ጥያቄ አብረው እንደሚያሠቃዩ ነው። በ1967 የከፈተችው ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስም ሕክምናን፣ ምርምርንና ማስተማርን በአንድ ጣሪያ ሥር አዋለ።

ተቃውሞ አልጠፋም። የመጀመሪያው ሞርፊን ሱስ ያስይዛል የሚለው ነው። የቅዱስ ዮሴፍ መዝገብ ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ያገኙ ሰዎች መጠኑ ያለልክ ይጨመርልን እያሉ የሚለምኑ እንዳልሆኑ አሳየ። ሁለተኛው ርኅራኄ በትምህርት አይገኝም የሚል ነው። የሐኪሞች ጠባይ ግን ሊለወጥ እንደሚችል ቁጥሮች ያሳያሉ። በ1961 በቺካጎ ከተጠየቁ ሐኪሞች ዘጠና በመቶ ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው እውነቱን አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በእርግጥ ለዚህ ትምህርት ብቻውን አይመሰገንም፤ የካንሰር ሕክምናም፣ የበሽተኛ መብትም ተለውጠዋል። ነገር ግን በ18 ዓመት ውስጥ የሰው ልብ እንዲህ አይገለበጥም፤ የተለወጠው የሙያ ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ይማሩታል።

በእኛም አገር ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ። የቺካጎው ቁጥር የሚያሳየው ግን መደበቅ የነሱም ባህል እንደነበረ ነው። ደግሞም የሚነገረው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማንና መቼ እንደሆነ በሽተኛውንና ቤተሰቡን አዳምጦ መወሰን የትምህርቱ አካል ነው። ዘመድ አዝማድ ሌት ተቀን አልጋውን ቢከብም፣ ሞርፊን የሚያዝለት ከሌለ በሽተኛው እያቃሰተ ያድራል።

ድህነት አይፈቅድም ለሚሉት መልስ የሰጠችው ኡጋንዳ ናት። አን ሜሪማን የተባለች ሐኪም በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካን ስትጀምር፣ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጣ የሚጠጣ ርካሽ መድኃኒት አቀረበች፤ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም እንዲማሩ አደረገች። ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ አልበቃም። ስለዚህ በ2004 የኡጋንዳ ሕግ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ። ብሪታንያ በ1987 የሟቾችን ስቃይ የማስታገስ ሕክምናን ራሱን የቻለ የሐኪሞች ልዩ ሙያ አድርጋ ነበር፤ ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም፣ ሌላው ሐኪም ሟቹን ለባለሙያው አስረክቦ እንዲሄድ በር ይከፍታል የሚል ስጋት አለኝ። ኡጋንዳ የመረጠችው መንገድ መድኃኒቱንም ሥልጣኑንም ለነርሶቹ መልሶ ሰጠ።