የአንዲት ላባ ክብደት

አንዲት ቃል ምን ያህል ትመዝናለች? ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ፎቶግራፍ በዓይነ ኅሊናዬ ይደቀናል። በምክር ቤት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ የንስር ላባ ይዟል። ሰውየው ኢላይጃ ሃርፐር ነው፤ ቦታው የካናዳዋ ማኒቶባ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 1990።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። በ1980 ካናዳ ሕገ መንግሥቷን ከብሪታንያ ፓርላማ እጅ ለማውጣት ስትሰናዳ፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች «እኛስ?» ብለው ከቫንኩቨር በባቡር ወደ ኦታዋ ተመሙ። በ1981 መሪዎቹ በተስማሙበት ሰነድ ግን መብታቸው ተሰረዘ፤ ተቃውሞው ሲበረታ ተመለሰ። ሲመለስ ታዲያ አንዲት ቃል ተጨመረችበት፦ «ያሉ»። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 «ያሉ» መብቶቻቸውን ያውቃል፣ ያጸናል። ያሉት የትኞቹ ናቸው? ራስን ማስተዳደርስ ከእነርሱ አንዱ ነውን? ከ1983 እስከ 1987 አራት ጉባኤዎች ተቀመጡ፤ አራቱም በዚህ ነገር ሳይስማሙ ተበተኑ።

ከመጨረሻው ጉባኤ በኋላ ሳምንታት እንኳ ሳይበዙ፣ የፌዴራሉና የክፍለ ሀገራቱ መሪዎች በሚች ሌክ ተሰብስበው ኩቤክን «ልዩ ኅብረተሰብ» ብለው ለመቀበል ተስማሙ። ለነባሮቹ ያልተገኘው ቃል ለሌላው በአንድ ጊዜ ተገኘ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይሏል ይህ ነው።

ስምምነቱ በሦስት ዓመት ውስጥ በአሥሩም ክፍለ ሀገሮች መጽደቅ ነበረበት። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ፣ በማኒቶባ ምክር ቤት የተለመደውን ሥነ ሥርዓት ለመዝለል የአባላቱ ሁሉ ፈቃድ ተጠየቀ። ሃርፐር ላባውን እንደያዘ በለሆሳስ «አይሆንም» አለ። በማግስቱም ደገመው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተነጥሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ የኦጂ-ክሪ ልጅ ነበረ። ቀነ ገደቡ አለፈ፤ ስምምነቱም ሞተ።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ነገር ግን እምቢታ በር ይዘጋል እንጂ ቤት አይሠራም። በ1992 ሻርሎትታውን በተባለው ስምምነት፣ ራስን የማስተዳደር መብት ማንም የሰጣቸው ሳይሆን ከጥንት አብሯቸው የኖረ መሆኑ በግልጽ ተጻፈ። ሕዝበ ውሳኔው ግን ጣለው። በየሠፈራቸው ድምፅ ከሰጡት ነባር ሕዝቦች እንኳ የሚበዙት አልተቀበሉትም፤ ስንት ጊዜ የተታለለ ሰው የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ይጠረጥራል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በፍርድ ቤትና በድርድር ሆኗል። የኒስጋ ሕዝብ ከ2000 ጀምሮ በስምምነት ራሱን ያስተዳድራል። ሃርፐር በ2013 አረፈ። በአንቀጽ 35 ውስጥ ግን «ራስን ማስተዳደር» የሚለው ሐረግ ዛሬም አልተጻፈም።

እኛ ቃል ወዳዶች ስለ አንዲት ቅጽል ስንከራከር ሥራ ፈቶች እንባላለን። እኔ ግን «ያሉ» የምትለዋን ባነበብኩ ቁጥር ያ ላባ ይታየኛል፤ አንድ ሕዝብ በአንዲት ቃል ደጃፍ ላይ ስንት ዓመት እንደቆመም አስባለሁ።