ከጋሌጋ ቅጠል እስከ ሜትፎርሚን

ፋርማሲዬ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ እናቶች «ልጄ፣ ኪኒኑ ይቅርብኝ፤ አብሽና ሽፈራው ተፈጥሮ ነው» ይሉኛል። ያን ጊዜ የጋሌጋን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ጋሌጋ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለመድኃኒት የሚለቀም ተክል ነበር። ውስጡ ያለው ጋሌጊን የደም ስኳር ያወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። ግን መርዝነት አለው፤ ተክሉን አብዝተው የበሉ በጎች ይሞታሉ። የጋሌጊን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሜትፎርሚንን፣ የዛሬውን የስኳር ኪኒን፣ ኬሚስቶቹ ቨርነርና ቤል በ1922 ደብሊን ውስጥ ሠሩት፤ ስኳርን ግን አላሰቡም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን በ1957 አሳተመ። አሜሪካ እስከ 1994 አልፈቀደችውም።

ስለዚህ ኪኒኑም መነሻው ቅጠል ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ መለካቱና ጉዳቱ መጠናቱ ነው። ሽፈራውን ኮንሶዎች ጎመን አድርገው ይበሉታል፤ እኔም እወደዋለሁ። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ግን አንድ ማንኪያው ምን ያህል እንደሚሠራ ማን ለካው?

ደግሞ በ2002 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት አለ፦ በስኳር በሽታ አፋፍ ላይ ካሉ ሰዎች መካከል ሜትፎርሚን በበሽታው የሚያዙትን በ31 በመቶ ቀነሰ፤ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንደ እግር ጉዞ ያለ እንቅስቃሴ ደግሞ በ58። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ እግር ጉዞው ነው።