ሲቲ ስካኑ «ኖርማል» ካለ ራስ ምታቱ ከየት መጣ?

ኳስ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጫችሁ፣ ወይ ከሞተር ወደቃችሁ እንበል። ሆስፒታል ሄዳችሁ ሲቲ ስካን ተነሳችሁ፤ ውጤቱ «ኖርማል» ነው። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩና መርሳቱ ግን ለሳምንታት አልለቅ አለ። ሰዉ ደግሞ «ምንም አልሆንክም እኮ!» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦

👉 ሲቲ ስካን ምን ያያል?
በዋናነት የሚፈልገው የደም መፍሰስንና የራስ ቅል ስብራትን ነው። ሐኪሞች ኮንከሽን በሚሉት ቀላል የጭንቅላት ጉዳት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። «ቀላል» የሚባለውም ራስን መሳት ካለ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ተጎጂው ንቃት በሚለካበት የግላስጎ መለኪያ ከ15 ነጥብ 13 እና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ስቃዩ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

👉 ጉዳቱ የት ነው?
የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙ በጣም ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። ማይሊን የሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን ስላላቸው ነጣ ይላሉ፤ ዋይት ማተር የሚባሉትም ለዚህ ነው። የኔትወርክ ኬብል በሏቸው። ጭንቅላት በድንገት ሲናጥ ወይም ሲሽከረከር ክሮቹ ይለጠጣሉ። ባይበጠሱ እንኳ መልእክት ማስተላለፋቸው ይታወካል። ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ሲቲ ስካን አያየውም።

👉 ታዲያ በምን ይታያል?
በፈረንጆቹ 1994 በአሜሪካ ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ ዲቲአይ የተባለ የኤምአርአይ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ዘዴው የሚከታተለው ውሃን ነው። በጤነኛ ክር ውስጥ ውሃ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው የክሩን ርዝመት ተከትሎ ነው፤ ክሩ ሲጎዳ ይህ ይቀየራል። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ነው፦ ወደ 1 ሲጠጋ ውሃው አንድ አቅጣጫ ይዟል፣ ወደ 0 ሲወርድ በየአቅጣጫው ይበተናል ማለት ነው።

ትራክ ቲቢአይ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ተጎጂዎችን ከአደጋው 2 ሳምንትና 6 ወር በኋላ አንስቶ አወዳድሯል። የነጩ ክፍል ለውጥ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን በወራት ውስጥ የሚሄድ ሂደት መሆኑ ታይቷል።

👉 ለምን ለሁሉም አይታዘዝም?
ለውጡ በደንብ የሚለየው የብዙ ሰዎች አማካይ ሲወዳደር ነው። የአንድ ሰው ቁጥር በዕድሜና በማሽኑ ዓይነት ይለያያል፤ ከአደጋው በፊት የተነሳ ምስልም አብዛኞቻችን የለንም። ስለዚህ ዛሬም ኮንከሽን የሚታወቀው በምልክቶቹና በሐኪም ምርመራ ነው።

👉 ምን እናድርግ?
• በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አትመለሱ።
• ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረፍት አድርጉ፤ ስልክም ቀንሱ።
• ከዚያ በእግር መሄድን የመሰለ ቀላል እንቅስቃሴ ጀምሩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለቀናት መተኛት አይመከርም።
• ምልክቱ ለሳምንታት ከቆየ ተመልሳችሁ ሐኪም አማክሩ።

⚠️ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መንተባተብ ወይም ሲቀሰቅሱት አለመንቃት ካለ፣ የመጀመሪያው ውጤት «ኖርማል» ቢሆንም ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ኳስ ለሚጫወትና ሞተር ለሚነዳ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።