የቤዝ ጊታር ልደትና የመሣሪያ ምርጫ ነገር

ዛሬ በትርፍ ጊዜው ቤዝ ጊታር ለመጫወት የወደደ ሰው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገብቶ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ልዩ ልዩ ጊታሮችና በመስታወት ውስጥ የተደረደሩትን፣ በእግር እየተረገጡ ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች ባየ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ የተሠራው ለሊቃውንት እንጂ ለእርሱ እንዳልሆነ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የመሣሪያውን ታሪክ ከሥሩ የመረመረ እንደ ሆነ፣ ቤዝ ጊታር ገና ከልደቱ ጀምሮ የታሰበው በኮንትራባስ ጥበብ ላልሠለጠነ ሰው መሆኑን ይረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ በሙዚቃ ጓዶች ዘንድ የወፍራሙን ድምፅ አገልግሎት ይፈጽም የነበረው ኮንትራባስ ነው። ይህ መሣሪያ ግርማው የሚያስከብር ቢሆንም፣ በቁመቱ ሰው የሚያህል በመሆኑ ከከተማ ወደ ከተማ ለመጓጓዝ የማይመች፣ በአንገቱም ላይ ድንበር የሚሆን ፍሬት ስለሌለው ተጫዋቹ የጣቱን ማረፊያ በብዙ ዘመን ልምምድ ካላወቀ በቀር ዜማው የሚዛባበት ነበር፤ ይልቁንም ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን ከፍ ባደረገበት ዘመን፣ ባለ ኮንትራባሱ ጣቱ እስኪላጥ ቢመታም እንኳ ድምፁ በሌሎቹ ተውጦ ይቀር ነበር። በሲያትል ከተማ ፖል ታትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ አጋማሽ ኦዲዮቮክስ በሚል ስም ባለ ፍሬት የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሐሳቡ ዘመኑን የቀደመ ስለ ነበረ ገበያ ሳያገኝ ቀረ።

ነገሩን ለፍጻሜ ያበቃው የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ነው። ይህ ሰው በ1938 ገደማ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ፣ ጊታር መጫወት ከቶ ያልተማረ፣ ወደ ሱቁ የሚመጡትን ሙዚቀኞች ብሶት ግን በትዕግሥት የሚያዳምጥ ባለሙያ ነበር። በ1951 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው ፕረሲሽን ቤዝ አካሉ ድፍን እንጨት፣ አንገቱም በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን የተያያዘ ስለ ነበረ፣ አንገቱ የተበላሸ እንደ ሆነ በካቻቪቴ ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ በአንገቱ ላይ የተተከሉት 20 ፍሬቶችም ጊታር የሚያውቅ ማናቸውም ሰው በመጀመሪያው ቀን ቃናውን ሳያዛባ እንዲጫወት ያስችሉታል። የሚርገበገበው የአውታሩ ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ቤዞች ከዚህ ልክ አልወጡም። በዓመቱም ፌንደር ለዚሁ መሣሪያ ብሎ ባስማን የተባለውን አምፕሊፋየር ጨመረለት።

የዚህን ቀላል መሣሪያ አቅም ከሁሉ ይልቅ የገለጠው፣ በዲትሮይት የሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ይመስለኛል። ጀመርሰን የ1962 ሥሪት የሆነውን ፕረሲሽን ቤዙን ይዞ፣ ለስላሳ ጥቅል ያላቸውን ወፋፍራም አውታሮች ካልተበጠሱ በቀር ሳይለውጥ፣ በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየመታ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምንም ፔዳል ድምፁን በቀጥታ ወደ መቅጃው መሣሪያ እያስገባ፣ ዓለም የዘፈነውን ዘፈን ሁሉ ከሥር ተሸከመው፤ ስሙ ግን ለብዙ ዓመታት በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ሳይጻፍ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው። በአገራችንም ቢሆን፣ በ1970ዎቹ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ይጫወትበት የነበረው አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አህመድ ጋር የቀዳቸውን ሥራዎች ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ዘፈኑን ከወገቡ ይዞ የሚያስኬደው ቤዙ መሆኑን አይስተውም።

ወደ ፔዳሎች ስንመለስ፣ ጥንታቸው ብልሽት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በናሽቪል ከተማ በማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ቀረጻ ላይ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት አውታር ቤዝ ጊታር ሲጫወት፣ የመቅጃው ሰሌዳ አንዱ መስመር ተበላሽቶ ድምፁን እንደ ንብ መንጋ አጉረመረመው፤ ዘፈኑም ከነጉርምርምታው በ1961 ወጣ። የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ብልሽት በትራንዚስተር አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ይህን ጣዕም ለመረዳት አይቸገርም፤ በገና ደርዳሪዎች አበው እንዚራ የተባሉትን የቆዳ ቁራጮች በአውታሩና በበርኩማው መካከል እያስገቡ ድምፁ እንዲነዝር ያደረጉት ኤሌክትሪክ ሳይታሰብ ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ ነው፤ በ1969 አምፔግ 300 ዋት የሚያወጣውን ኤስቪቲ አምፕሊፋየር ሠራ፤ በ1970ዎቹም ቡትሲ ኮሊንስ ሙትሮን በተባለው ማጣሪያ ፔዳል ቤዙን እንደ ሰው አናገረው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ምሥጢር ግን አለ። የቤዝ ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ የሚርገበገብ ስለ ሆነ፣ ለጊታር ተብለው የተሠሩ ብዙ ፔዳሎች የታችኛውን ድምፅ ያስቀሩታል፤ ስለዚህም ለቤዝ የሚሠሩት ብዙዎቹ ንጹሑን ድምፅ ከተለወጠው ጋር የሚቀላቅል ማዞሪያ ተደርጎላቸዋል፣ ይህ ማዞሪያ የሌለውን ፈዝ፣ ማለት ድምፅ የሚያጉረመርም ፔዳል፣ ለቤዝ መግዛት እኔ አልመክርም።

ደግሞም ብቻውን ሲሰማ የሚያስደስት ድምፅ ከጓደኞች ጋር ሲጫወቱ የሚጠፋ፣ ብቻውን ደረቅ የሚመስለውም በጓዱ መካከል ጥርት ብሎ የሚሰማ እየሆነ ብዙ ገዢዎችን አሳስቷል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ባለ አራት አውታር ደኅና ቤዝ፣ አቅም ያለው አምፕሊፋየርና አዲስ አውታር ሳታሟላ ገንዘብህን በፔዳል ላይ አታውለው፤ ፔዳሉንም ስትመርጥ ከበሮ በሚመታበት ቤት ወስደህ ሞክረው።