«ፎርቲ» (ዘፈን)

የአየርላንዱ ሮክ ባንድ ዩቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዋር» አልበም መዝጊያ ዘፈን። ስሙ 40 ማለት ነው፤ ግጥሙም የተቀዳው በዕብራይስጡ አቆጣጠር 40ኛ ከሆነው መዝሙር ነው። በግዕዙ ዳዊት ይኸው መዝሙር 39ኛ ሆኖ ይገኛል። አዝማቹ ላይ የሚመላለሰው «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ የ6ኛው መዝሙር ነው። ዘፈኑ ደብሊን ውስጥ በቀረጻው የመጨረሻ ሰዓታት በጥድፊያ ተሠራ፤ ቤዝ ተጫዋቹ አዳም ክሌይተን ስላልነበረ ቤዙን የተጫወተው ጊታሪስቱ ኤጅ ነው።

መንፈሳዊ ኃይሉ የጎላው ግን መድረክ ላይ ነው። የኮንሰርት መዝጊያ ሲሆን ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ በመጨረሻ ከበሮውም ዝም ይላል፤ ሕዝቡ አዝማቹን ብቻውን ይቀጥላል። የሚያምነውም የማያምነውም አብሮ ሲጠይቅ፣ አዳራሹ ለጸሎት እጅግ ይቀርባል። ድምፃዊው ቦኖ በ1999 እ.ኤ.አ. ለመዝሙረ ዳዊት በጻፈው መግቢያ መዝሙራቱን ከብሉዝ ጋር አመሳስሏቸዋል።