ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል፦ ጥፋቱ የባትሪው ነው ወይስ የሞተሪኖው?

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ የአዲስ አበባ አጎራባች ከተሞች ሲሆኑ፣ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካትተዋል። በከተሞቹና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል ወተትን ለገበያ፣ ዘርን ለማሳ፣ ሕመምተኛንም ለጤና ጣቢያ ያደርሳል። የታለበ ወተት ስለማይጠብቅ፣ አልነሳ ያለ ሞተር የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። ሆኖም አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ችግሩ መቼ እንደሚከሰትና ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ ማስተዋል ይገባል።

ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትንም ያወፍራል። በእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ ደጋ ደጅ ያደረ ሞተር ሳይክል ጠዋት እያቃሰተ የሚዞር፣ ቀን ግን ያለችግር የሚነሳ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ጠዋት በቀላሉ ተነስቶ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለጥቂት ደቂቃ ከቆመ በኋላ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖውና ወደ ገመዶቹ ያዘነብላል። ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርዩ ስለሚጨምር፣ ብሩሹ ያለቀ ሞተሪኖ በጋለ ጊዜ ጉልበት ያጥረዋል።

የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን በፍጥነት የሚደጋገም «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ የደከመ ባትሪ ወይም የላላና የዛገ ተርሚናል ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነና ክላክሱ በደንብ የሚጮኽ ከሆነ፣ ሪሌው ወይም ሞተሪኖው ይፈተሽ። መብራትን ብቻ ማየት ግን ሊያሳስት ይችላል፤ የፊት መብራታቸው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ኃይል የሚያገኝ ሞዴሎች አሉና። ሞተሪኖው በፍጥነት እየጮኸ ዋናው ሞተር የማይዞር ከሆነ፣ ችግሩ ሁለቱን በሚያገናኘው የማስነሻ ክላች ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ባትሪ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

በእግር ሲመታ ወዲያው የሚነሳ ሞተር ካንዴላውና የነዳጅ መሥመሩ ጤነኛ መሆናቸውን ያሳያል። ይሁንና ዘወትር በእግር ማስነሳት የባትሪውን ሕመም ይሸፍናል። ለረጅም ጉዞ የተሠሩ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ የእግር ማስነሻ ስለሌላቸው ይህ አማራጭ የላቸውም።

ቁርጡን የሚለየው በቴስተር መለካት ነው። ሙሉ የሆነ ባለ12 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ከ10 ቮልት በእጅጉ የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። ከዚህ ካነሰ ቻርጅ አያደርግም፤ 15 ካለፈ ደግሞ አዲሱንም ባትሪ ያቃጥላል። በአጭር ርቀት ደጋግሞ የሚቆምና የሚነሳ ሞተር ያወጣውን ኃይል ሳይተካ ስለሚውል ባትሪው ቶሎ ይደክማል።

ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ግን መጨረሻ ላይ ይገናኛል። ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ እሳትና ሲጋራ መራቅ አለባቸው። ውሃ የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ ወይም አሲድ አይደለም። ያረጀ ባትሪ ከግቢና ከግጦሽ መሬት መራቅ ይኖርበታል፤ ከብቶች የተሰበረውን ባትሪ ይልሱታል፣ በውስጡ ያለው እርሳስም ይገድላቸዋል።