የእንጦጦ ጭቃ፣ የየካ ዐለት እና የሲሚንቶ ጥገና

ከአዲስ አበባ በስተሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉት የእንጦጦ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። በእነዚህ ተራሮችና በሥራቸው በሚገኘው የካ ክፍለ ከተማ የተለያየ ዘመን የግንባታ ጥበብን የሚያሳዩ ሥራዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። ዋሻ ሚካኤል ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ፍልውኃ አካባቢ ከመውረዳቸው በፊት የኖሩበት የድንጋይ፣ የጭቃና የእንጨት ሥራ ነው። ከእነዚህ በቁጥር የሚበዛው ግን ማንም እንደ ቅርስ የማይቆጥረው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚኖርበት የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ነው።

ዐለቱም ሆነ ጭቃው ውኃ ይጠጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። እነዚህ ሥራዎች ለመቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ የቆዩት ውኃ ስላልገባባቸው ሳይሆን የገባው መውጫ ስላገኘ ነው። ቅርስ በጥገና ስም የሚጎዳው በአብዛኛው ይህ መውጫ ሲዘጋ ነው፤ ከዘጊዎቹም ዋነኛው ሲሚንቶ ነው።

ተራራው የሰጠው ቁሳቁስ

ምኒልክ በእንጦጦ የሰፈሩት በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ግንበኞቻቸው በእጃቸው የነበረው ተራራው የሚሰጠው ብቻ ነበር፤ እርሱም ድንጋይ፣ ቀይ አፈር፣ ጽድ፣ ወይራና ሣር ነው። እንጦጦ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ተራራ በመሆኑ የኖራ ድንጋይ የለውም፤ ለዚህ ወደ ሙገር ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ያሻል። ስለዚህ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ጭቃ ነው።

ጽድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት የጽድ ምሰሶ ብዙ ዘመን መቆየቱን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ የጦር ሰፈሩም ሆነ ከሥሩ የተቆረቆረችው ከተማ ለማገዶና ለቤት ሥራ የተራራውን ደን በጥቂት ዓመታት ጨረሱት። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ሲገባ የማገዶውን ችግር ፈታ፤ የቤቱንም አጥንት ለወጠው። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ በጽድ ቦታ ገብቶ ግን እንደ ጽድ ምስጥን አይቋቋምም። ዛሬ በየካ ኮረብታዎች ሥር የሚታዩት አሮጌ ቤቶች ከጣሪያቸው ይልቅ ከእግራቸው የሚያረጁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቋሚው መሬት የነካበት ቦታ ላይ እርጥበትና ምስጥ ተባብረው ይበሉታል።

የጭቃ ግድግዳ አኗኗር

የጭቃ ቤት ሥራ ላላየው ቀላል ይመስላል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር እየተረገጠ ይቦካል፣ ለቀናት ይብላላል፣ ከዚያ ይመረጋል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ በጭቃው ውስጥ እንደ ክር ይሰራጫል። ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ ያን ኩምትርታ ይዞ ትልቁን ስንጥቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፋፍለዋል። ሲብላላም ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃው ይበልጥ ይጣበቃል። ግንበኞቻችን ይህን የሚያውቁት በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእግራቸው ነው፤ ጭቃው መድረሱን ሲረግጡት ይለዩታል።

የአፈሩ ዓይነት ከሁሉ ይበልጣል። የደጋው ቀይ አፈር በመጠኑ ሸክላ፣ በመጠኑም ደቃቅና አሸዋ ስለሚይዝ ለምርጊት ይመቻል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ስንጥቅ ይከፍታል። ለሽምብራና ለጤፍ የተመሰገነውን ይህን አፈር ግድግዳ ላይ መመረግ በየዓመቱ ስንጥቅ መቁጠር ነው፤ መሠረት ሲጣልበትም የድንጋይ ቤት ሳይቀር ይሰነጥቃል። ገበሬ አፈሩን በእርሻ ዐይን አይቶ «ለም ነው» ሲል ግንበኛ «አይሆንም» የሚልበት ጊዜ የሚበዛው ለዚህ ነው።

አፈርን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። ያለ ቀለም በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አፈርና ውኃ ጨምሮ፣ አጥብቆ በጥብጦ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሸክላው በማግስቱም ላያበቃ ይችላል። ከላይ የሰፈረው የሸክላ ንብርብር ከጠቅላላው ግማሹን ካለፈ ጭቃው ሲደርቅ ይተረተራል፤ እጅግ ካነሰ ደግሞ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። አሸዋ ወይም ሌላ አፈር በመቀላቀል ማስተካከል ይቻላል።

በደንብ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ ሦስት ጠባቂዎች አሉት፤ ከሥሩ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ከግድግዳው አልፎ የወጣ የጣሪያ ጠርዝ፣ ዙሪያውንም ውኃ የሚያሸሽ ቦይ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ቆርቆሮ ሣርን ሲተካ የጣሪያው ጠርዝ አጠረ። የሣር ክዳን ወደ ውጭ ረዝሞ ውኃውን ከግድግዳው ያርቅ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን በዋጋው ምክንያት የሚገዛው ለልክ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ይመታል። በብዙ አሮጌ ቤቶች ላይ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ምርጊቱ ተልጦ ማገሩ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሲሚንቶ ለምን ይጎዳል?

ያ የተላጠ እግር ሲታይ አእምሮ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሲሚንቶ ነው። ሽቦ ወንፊት ይመታል፣ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ቤቱም ለሁለት ሦስት ክረምት አዲስ ይመስላል። ጭቃው ግን በእርጥበት ይሰፋል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ልስኑ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። የገባው ውኃ እንደ ድሮው በግድግዳው ገጽ መትነን አይችልም። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ይላላል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም በጨለማ ይሠራል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አንድ ቀን ልስኑ በአንድነት ሲወድቅ ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል። የጭቃ ልስን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየታየ በእጅ ጭቃ ይጠገን ነበር።

በድንጋይ ሕንፃም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሲሚንቶ ማያያዣ ከድንጋዩ ይልቅ ሲጠነክር ውኃው በማያያዣው ፈንታ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። በውኃው የሟሟ ጨው በድንጋዩ ገጽ ሥር ይረጋል፣ ገጹንም እየገፋ ያፈረፍረዋል። በጥንቱ አሠራር ማያያዣው ከድንጋዩ የሚደክም ነበር፤ ጉዳቱን የሚወስደው እርሱ ነው፣ ሲያረጅም እርሱ ይተካል።

ኖራ ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲቃጠል አየሩን ይለቃል፤ ውኃ ሲያገኝ እየፈላ ይበተናል፤ በግድግዳ ላይ ሲለሰን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ሲሚንቶ በአንጻሩ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል፣ በሰዓታት ይጠነክራል፣ በእርሱም አገር ሠርተንበታል፤ በድልድይና በፎቅ ላይ ተተኪ የለውም። ጥያቄው ቦታውን ስለ ማወቅ ነው።

የጎንደር አብያተ መንግሥታት ለዚህ ምስክር ናቸው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። በ1930ዎቹ እ.አ.አ. የተደረገላቸው ጥገና ሲሚንቶና ኮንክሪት ያስገባ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እያነሡ በኖራ ለመተካት ተገደዋል። አንድን ሕንፃ ሁለት ጊዜ መጠገን ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ለማፍረስ፣ ሁለተኛውን ለመሥራት። በላሊበላም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውኃ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ከ1966 እ.አ.አ. ጀምሮ በተካሄደው ጥገና የተመደበው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከሥራዎቹ አንዱ ያንን ቅብ ማስወገድ ነበር።

ዋሻ ሚካኤል

ወደ የካ ስንመለስ ዋሻ ሚካኤልን እናገኛለን። የአካባቢው ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል፤ የታሪክ አጥኚዎች አሠራሩን አይተው ከላሊበላ ዘመን ጋር ያቀራርቡታል። የጣሪያው አብዛኛው ክፍል ወድቋል። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ መሬት የተቆፈረ በመሆኑ ጣሪያ ሲያጣ እንደ ጉድጓድ ዝናብ ይቀበላል፤ ውኃው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ተዳፋትም ይመጣል። በደጋ ሌሊት ውርጭ ሲጨመርበት በስንጥቅ ውስጥ ያለው እርጥበት ዐለቱን ይበልጥ ይከፍለዋል። ሣርና ቁጥቋጦም በስንጥቁ ሥር ሰድደው ያሰፉታል።

እዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ግድግዳውን መለሰን ሳይሆን ውኃውን ከላይ ማስቀየስ ነው። ገበሬ በማሳው ራስ ላይ የሚቆፍረውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያህል ሥራ ለቅርሱ ከብዙ ኩንታል ሲሚንቶ ይበልጥለታል። መጠለያ መሥራት ሌላው አማራጭ ነው፤ ይሁን እንጂ የላሊበላ ትምህርት አለ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎች ዝናቡን ከልክለዋል፤ ሕዝቡና ባለሙያዎቹ ግን ክብደታቸው፣ የምሰሶዎቻቸው ማረፊያና በነፋስ መንቀጥቀጣቸው ያሳስበናል እያሉ ለዓመታት ጠይቀዋል። ጊዜያዊ ተብለው መጥተው የቆዩ ናቸው። ለዋሻ ሚካኤል መጠለያ የሚያስብ ሁሉ ከመሐንዲሱ ሥዕል አስቀድሞ የዐለቱን የመሸከም ዐቅም ማስጠናት ይኖርበታል።

ምርምርና ሕግ

የአገር ቁሳቁስ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መጠናት ከጀመረ ቆይቷል። በ1954 እ.አ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የአገሪቱን የግንባታ ቁሳቁሶች ያጠና ነበር፤ ወራሹ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ የሚገኘው የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ነው። ይህ ተቋም ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ሠርቷል። የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው፤ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ከአፈር ሸክላዎች በቅስት የተገጠመ ነው። በእኔ እይታ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ጭቃ የድኅነት ምልክት ነው የሚለውን አስተሳሰብ በሚዳሰስ ማስረጃ መሞገቱ ነው። የጎደለው ውጤቱ ወደ ገጠር ግንበኛ የሚደርስበት መንገድ ነው፤ ለዘርና ለማዳበሪያ የልማት ባለሙያ በየቀበሌው ሲኖር ለምርጊት የለም።

በሕግ በኩል የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። ይህ በመንግሥት የተያዘውን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም ግለሰብም ይገኙበታል። ሰበካ ጉባኤ ወይም በጎ አድራጊ ምእመን በቅን ልቡና ሲሚንቶ ጭኖ ከመምጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ቅርስን የሚመለከተውን የከተማውን ቢሮ ማማከር አለበት።

ቅርስ ላልሆነው የጭቃ ቤት ፈቃዱ ባያስፈልግም ወቅቱ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፉ የሚቆረጠው በበጋ ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ ከደረቀ በኋላ መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። የጤፍ ጭድ ከውድማ በኋላ በጥር አዲስና ርካሽ ይሆናል፤ ዘግይቶ የሚፈልገው ሰው ከከብት መኖ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ምርጊት ከጥር እስከ የካቲት ቢሠራ የበልግ ዝናብ ሳይደርስበት ይደርቃል፤ የግድግዳው እግር፣ ቦዩና የጣሪያው ጠርዝ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ ይታያሉ።